የጾም ቅቤ

ነገሩ የጀመረው ከጥጥ ነው።

ዓምና ኅዳር ላይ እናቴን ልጠይቅ መንዝ ወጣሁ። ቤቷ ከመሐል ሜዳ ወጣ ብሎ ነው። ሰማዩ ጥርት ብሏል፤ ነፋሱ ግን ፊት ይልጣል። እናቴ ደጃፍ ላይ አጎዛ አንጥፋ ትፈትላለች። ለታናሽ ወንድሜ ሰርግ የሚሆን ጋቢ ነው። አጠገቧ ቁጭ ብዬ እንዝርቱ ሲሾር አያለሁ። ትንሽ ትፈትልና ትቆማለች። ባዘቶውን ከጣቷ ላይ ትነቅላለች። ደግሞ ትጀምራለች። ደግሞ ትቆማለች።

"ምን ሆነሽ ነው እማዬ?" አልኳት።

"ጣቴ እየያዘብኝ ነው" አለች።

እጇን ሳብ አድርጌ አየሁት። የጣቶቿ ጫፍ ተሰነጣጥቋል። ስንጥቁ ውስጥ ጥቁር መስመር ገብቷል፤ የኩበት፣ የአመድ፣ የአፈር ነው። የአውራ ጣቷ ስንጥቅ ከሁሉም ይጠልቃል። ጥጡ እዚያ ውስጥ እየገባ ይያያዛል። ነጩ ባዘቶ ላይ የተልባ ፍሬ የምታህል የደም ነጥብ አየሁ። እናቴ ያቺን ቦታ ቆንጥራ ጣለቻትና ፈትሏን ቀጠለች።

እኔ የምኖረው ደብረ ብርሃን ነው። ቦርሳዬ ውስጥ የእጅ ሎሽን አይጠፋም። አውጥቼ ቀባኋት። "ሽታው ደስ ይላል" አለች። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ እጇ እንደነበረው ሆነ። ማታ በባትሪ የሎሽኑን ጀርባ አነበብኩ። ከሁሉ በፊት የተጻፈው "ውሃ" ነው። እዚያ ላይ የሚዘረዘረው በመጠን ቅደም ተከተል ነው፤ ብዙ ያለበት ይቀድማል። ለእናቴ የቀባኋት በአብዛኛው ውሃ ነበር ማለት ነው። በመንዝ ነፋስ ላይ ውሃ ስንት ደቂቃ ይቆያል?

የእኛን አገር ብርድ ለማያውቅ ሰው ትንሽ ልንገር። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ ከ2,800 ሜትር በላይ ናት። የመንዝ ደጋ ደግሞ ከ3,000 ያልፋል። ኅዳር፣ ታኅሣሥና ጥር ሌሊቱ ውርጭ ነው። ጠዋት ሣሩ ነጭ ሆኖ ያድራል። ከረፋዱ ጀምሮ ፀሐይ ይወጣል፤ አየሩ ግን ደረቅ ነው። ነፋሱ ያገኘውን እርጥበት ሁሉ ይጠጣል። ልብስ ታጥቦ ቶሎ የሚደርቅበት ወር ቆዳም የሚደርቅበት ወር ነው።

የቆዳችን የላይኛው ሽፋን በውስጡ ውሃ አለው። ያ ውሃ እንዳይወጣ የሚያግደው በሴሎቹ መካከል ያለ የራሳችን ቅባት ነው። ሳሙናና ሙቅ ውሃ ያንን ቅባት ይዘውት ይሄዳሉ። ከዚያ ነፋሱ ሥራውን ይሠራል። ስለዚህ ደህና ቅባት ለቆዳ ውሃ አይሰጥም፤ ያለውን ውሃ እንዳይወጣ ይከድናል። እንስራን በክዳን እንደመክደን ነው። ይህ ሲገባኝ ብዙ ነገር ገባኝ። ደረቅ ቆዳ ላይ መቀባት ባዶ እንስራ እንደመክደን ነው። መቀባት ያለብን ታጥበን፣ ውሃውን በፎጣ ጠረግ ጠረግ አድርገን፣ ቆዳው ገና እርጥብ እያለ ነው።

በዚያ ሌሊት እንቅልፍ አልወስደኝ ብሎ አንድ ነገር ሳስብ አደርኩ። እናቴ ዕድሜዋን ሁሉ ቅቤ ስታወጣ የኖረች ሴት ናት።

ልጅ ሆኜ በሳምንት አንዴ ሁለቴ ወተት ትገፋ ነበር። በወይራ የታጠነው መግፊያ ሽታው አሁንም አፍንጫዬ ውስጥ አለ። መግፊያውን ታወዛውዛለች፣ ታወዛውዛለች። ድምፁ ሲለወጥ "ወጣ" ትላለች። ቅቤውን በቀዝቃዛ ውሃ ደጋግማ ታጥበዋለች፤ አሬራው እስኪወጣለት። ከዚያ ጣሳ ውስጥ ትጨምረውና ላዩን በአውራ ጣቷ ታለሳልሰዋለች። የጣቷ ስንጥቅ ቅቤው ላይ መስመር መስመር እየጣለ ይሄዳል። እኔ ያንን መስመር የቅቤ ጌጥ ይመስለኝ ነበር።

ቅቤው ገበያ ይሄዳል። ቅቤው ጨው ነው፣ ሳሙና ነው፣ የኩራዝ ጋዝ ነው። መስከረም ላይ ደብተር ነው። የተማርኩት በዚያ ጣሳ ነው። ለቤት የሚቀረው ለዓመት በዓል ወጥ የሚሆን ብቻ ነበር። ለራስ ፀጉር የሚሆን ለጋ ቅቤ የሚገኘው ለፋሲካ ነው፤ ወይ ሙሽራ ሲኖር።

ሥራዋን ስትጨርስ መዳፏ ላይ ትንሽ ቅቤ ይቀራል። ያንን እጇን አታሽበትም ነበር። "ነይ" ትለኛለች። ጉንጬን ትቀባኛለች፣ የተረፈውን ጉልበቴን። ጣቷ ፊቴን ይሞረሙረኝ ስለነበር እሸሻት ነበር።

ለእጇ የሚሆን ቅባት በራሴ ልሠራላት የወሰንኩት ይህን ሳስብ ነው።

መጀመሪያ የመጣልኝ ያው ቅቤ ነበር። ለምን ሌላ ፍለጋ? ለጋ ቅቤ ግን ውሃና የወተት ቅሪት አለበት። ቆዳ ላይ ሲቆይ ይሸታል፤ ዕቃ ውስጥ ሲቀመጥም ይበላሻል። ቢነጠር ውሃው ይሄዳል፣ ሽታው ግን አይለቅም። ልብስና አንሶላ ይይዛል። ደግሞም እናቴ ቅቤ እጇ ላይ ካየች ወይ ለእንግዳ ወይ ለገበያ ታስቀምጠዋለች። አውቃታለሁ።

ሺያ በተር የሚባለውን ያገኘሁት ጋምቤላ ከምትሠራ ጓደኛዬ ነው። ሺያ የዱር ዛፍ ነው። ከሴኔጋል ጀምሮ አፍሪካን አቋርጦ እስከ ደቡብ ሱዳንና ኡጋንዳ ባለው መስመር ይበቅላል። በእኛ አገር ጋምቤላ አለ። የፍሬው ዘር ተፈጭቶ ሊጥ ይሆናል። ሴቶች ያንን ሊጥ በውሃ በእጃቸው እያሹ ይመቱታል። ነጣ ብሎ ስቡ ወደ ላይ ይንሳፈፋል። ጓደኛዬ ይህን ስትነግረኝ እናቴን አየኋት። ሌላ ዛፍ፣ ሌላ ምድር፣ ሥራው ግን ያው የሴት ክንድ ነው። ጓደኛዬ የላከችልኝን ከፍቼ ሳሸተው ጭስ ጭስ አለኝ። የታጠነ መግፊያ!

ከሺያ የሚሠራው ቦዲ በተር የሚሉት የገላ ቅባት ሲፈታ ቀላል ነው። ደረቅ ያለ ስብ አለ፣ ፈሳሽ ዘይት አለ። ሁለቱ አንድ ላይ ይቀልጣሉ፣ ይቀዘቅዛሉ፣ ይመታሉ። በቃ። ውሃ የለውም። ውሃ ስለሌለው ባክቴሪያ እንደ ልብ አይራባበትም፤ ሎሽን ውስጥ የሚጨመረው የማቆያ ኬሚካልም አያስፈልገውም። ቀላል ቢሆንም ሦስት ጊዜ ተበላሽቶብኛል። የተማርኩት ከተበላሸው ስለሆነ እሱን ልንገራችሁ።

የመጀመሪያውን አቅልጬ ከሰል ምድጃው አጠገብ ተውኩት። ቀስ ብሎ ይርጋ ብዬ ነው። ጠዋት ስነካው አሸዋ ሆኗል። ለካ ሺያ ውስጥ ያሉት ስቦች ሁሉም በአንድ ሙቀት አይረጉም። ቀስ ብሎ ሲቀዘቅዝ ጠንካሮቹ ቀድመው እየተሰበሰቡ ፍርክስክስ ያለ ነገር ይሠራሉ። ቆዳን አይጎዳም፤ ሲታሽ ይቀልጣል። ግን አይመችም። መፍትሔው እንደገና ማቅለጥና ቶሎ ማቀዝቀዝ ነው። እዚህ ላይ ደብረ ብርሃን ትረዳለች። ከድኜ ማታ ደጅ አወጣዋለሁ። ፍሪጅ አያስፈልገኝም።

ሁለተኛው ላይ ፈሳሽ ዘይቱን የኑግ አደረግኩት። ከመጭመቂያ ቤት ትኩሱን ገዝቼ ነበር። ሲሠራ ያምር ነበር። አንድ ወር ተኩል ሲሆነው የቆየ ዘይት ሽታ አመጣ። የኑግም የተልባም ዘይት ከአየር ጋር ቶሎ ይዋሃዳል። ተልባ እንዲያውም ለቀለም መሥሪያ የሚውለው አየር ሲነካው ስለሚደርቅ ነው። የሰሊጥ ዘይት ይሻላል። በውስጡ መበላሸትን የሚያዘገይ የራሱ ነገር አለው። አሁን ከሰሊጥ ሌላ አልጠቀምም።

ሦስተኛው የእንፋሎት ነው። ስብ የማቀልጠው በቀጥታ እሳት ላይ አይደለም። ድስት ውስጥ ውሃ እጥድና ጎድጓዳ ሳህን ከላዩ አስቀምጣለሁ። ከሥር የሚወጣው እንፋሎት ጠብ ጠብ ብሎ ሳህኑ ውስጥ ገብቶ ኖሯል። ከሦስት ሳምንት በኋላ ብልቃጡን ስከፍት ዳሩ ላይ አረንጓዴ ሻጋታ። ያን ቀን በጣም አዘንኩ። ግማሽ ኪሎ ሺያ ነበር። ሙሉውን ጣልኩት። የሻገተ ቅባት ላዩን ገፍፎ መጠቀም የለም። ከዚያ ወዲህ ሳህኑ ከድስቱ አፍ ሰፋ ያለ ነው። ማንኪያው፣ ብልቃጡ፣ እጄ፣ ሁሉም ደረቅ ነው። ስትጠቀሙም እርጥብ ጣት ብልቃጥ ውስጥ አታስገቡ። በደረቅ ማንኪያ ቆንጠር እያደረጋችሁ አውጡ።

አሁን የምሠራው እንዲህ ነው። 150 ግራም ሺያ፣ 30 ግራም የኮኮናት ዘይት፣ 80 ግራም የሰሊጥ ዘይት። የኮኮናቱን ያሳነስኩት በምክንያት ነው። የኮኮናት ዘይት ከ24 ዲግሪ በታች ይረጋል። በእኛ ቤት ታኅሣሥ ላይ ድንጋይ ነው። ሌሎች አገሮች ከሚሠሩት ይልቅ ፈሳሹን ያበዛሁትም ለዚሁ ነው፤ አለዚያ በማንኪያ አይቆረስም።

ሺያውንና ኮኮናቱን በውሃው ላይ አቀልጣለሁ። ደብረ ብርሃን ላይ ውሃ 100 ዲግሪ እስኪደርስ አይጠብቅም። ከከፍታው የተነሳ 91 ገደማ ላይ ይፈላል። ሽሮ ለማብሰል ያስቸግራል፤ ለዚህ ሥራ ግን ደግ ነው። ሺያ 40 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ስለሚቀልጥ ብዙ እሳት አይፈልግም። እንዲያውም ውሃው መፍላት ሲጀምር እሳቱን አጠፋዋለሁ። ሲቀልጥ ሰሊጡን እጨምራለሁ። አማስለዋለሁ። ከድኜ ቀዝቃዛ ቦታ አስቀምጣለሁ።

ዋናው ነገር መቼ መምታት እንደሚጀመር ማወቅ ነው። ዳር ዳሩ ነጣ ሲል፣ መሀሉ ገና ለስለስ ብሎ ጣት ሲያስገቡበት ጉድጓዱ ሲቀር፣ ያኔ ነው። ቸኩላችሁ ፈሳሹን ብትመቱት አይነፋም። ዘግይታችሁ ድንጋይ ከሆነ ሙቅ ውሃ ላይ ለአንድ ደቂቃ አስቀምጡት። እኔ የኬክ ሚክሰር አለኝ። መብራት በሌለ ቀን በእንቁላል መምቻ እመታዋለሁ፤ ክንድ ያደክማል፤ ይሆናል ግን። ከአምስት እስከ ስምንት ደቂቃ ሲመታ ቢጫው ይነጣል፣ ይነፋል፣ እንደ ኬክ ክሬም ይሆናል። ያን ጊዜ ደስ ይለኛል። ሁልጊዜ ደስ ይለኛል። እናቴ "ወጣ" የምትልበት ቅጽበት ነው።

ሽታውን በጦስኝ አደርገዋለሁ። እናቴ ቤት ጀርባ ያለው ተረተር ላይ ጦስኝ ሞልቷል። ሰዉ ሻይ ያፈላበታል። በጥላ በደንብ አደርቀዋለሁ። ቅጠሉ እርጥበት ካለው ያው የሻጋታ ነገር ይመጣል። የደረቀውን ሰሊጥ ዘይት ውስጥ ነክሬ በውሃው ላይ ለሁለት ሰዓት ያህል በቀስታ አሞቀዋለሁ። በንጹሕ ነጠላ ቁራጭ አጠለዋለሁ። ሽታው ኃይለኛ አይደለም። ቀረብ ሲሉ ብቻ ይሸታል። ሎሚ አትጨምሩ። ሎሚ የነካው ቆዳ ፀሐይ ሲያገኘው ሊቃጠል ይችላል፤ የእኛ ፀሐይ ደግሞ ቀላል አይደለም።

አንዱን ብልቃጥ ሸዋ ሮቢት ለምትኖረው ታላቅ እህቴ ላክሁላት። በማግሥቱ ደወለች። "ሾርባ ነው የላክሽልኝ?" አለች። ከጣርማ በር ቁልቁል ወርዶ ደብረ ሲና፣ ከዚያ ቆላው። ሸዋ ሮቢት 1,300 ሜትር እንኳ አትሞላም። እኔ ቤት ክሬም የነበረው እሷ ቤት ዘይት ሆነ። አንድ ዞን ውስጥ ነን፣ አንድ ቅባት ግን አይሆነንም። ለእሷ ሌላ ሠራሁ። ሺያው 200 ግራም፣ ሰሊጡ 50፣ የኮኮናት ዘይት የለውም። 15 ግራም የማር ሰም ጨመርኩበት። ሰም የሚቀልጠው ከ60 ዲግሪ በላይ ስለሆነ ቅባቱን ያጸናዋል። ከሺያው በፊት ለብቻው መቅለጥ አለበት። ሰሙን ያገኘሁት ጧፍ ከሚሠሩ እናት ነው። የእህቴን አልመታሁትም። የተመታ ነገር ቆላ ላይ ይወርዳል፤ እንዲሁ ፈሶ ቢረጋ ይሻላል። "አሁን ሆነ" አለች።

ወደ እናቴ ልመለስ። የወንድሜ ጋቢ እንደሆነ በዚያው እጅ አለቀ። ስሞክር፣ ስጥል፣ ስሞክር ክረምቱ ገባ። ለእሷ የሚሆን የደረሰልኝ ዘንድሮ ኅዳር ላይ ነው። መንገዱ ደህና ሲሆን ጠብቄ በሰው ላክሁት። ክዳኑ ላይ "ለእጅ፣ ማታ ማታ" ብዬ ጻፍኩበት። ስልክ ደውዬ አስረዳኋት። ቀን አይሆንም፤ ቅባት ያለበት እጅ ጥጡን ያቆሽሻል። ማታ እጇን ለብ ባለ ውሃ ትታጠብ፣ ሳይደርቅ ትቀባ፣ አሮጌ ካልሲ እጇ ላይ አጥልቃ ትተኛ።

"ቅቤ ነው?" አለችኝ።

"የዛፍ ቅቤ ነው።"

"ከከብት የለበትም?"

"የለበትም እማዬ።"

ዝም አለች። ኅዳር 15 አልፏል፤ የነቢያት ጾም ገብቷል። "እንግዲያው የጾም ቅቤ ነው" አለች። ስሙ ያ ሆኖ ቀረ። አሁን ጎረቤቶቿም "የጾም ቅቤ" ነው የሚሉት።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ደወልኩ። ጣቷ ጥጡን መያዝ ትቶላታል። የአውራ ጣቷ ግን ገና ነው። ካልሲውን እየረሳች እንደሆነ ጎረቤት ነግራኛለች። ግማሹን ለማኅበር ጽዋ ተርታ ለደረሳት ሴት ሰጥታ ነው። "እጇ ከኔ ይብሳል" አለችኝ። ምን እላታለሁ? ሌላ ሠራሁ።

ይህን ጽሑፍ አንብባችሁ የምትሠሩ ካላችሁ ጥቂት ነገር አደራ። መጀመሪያ ክንዳችሁ ውስጠኛው ላይ ትንሽ ቀብታችሁ አንድ ቀን ጠብቁ። ለሕፃን ከሆነ ሽታ አትጨምሩ። ቅቤም ሆነ ሌላ ቅባት በተወለደ ሕፃን እትብት ላይ አይደረግም፤ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ይህን የሚለፉበት በምክንያት ነው። ትኩስ የእሳት ቃጠሎ ላይም አይቀባም። ስኳር በሽታ ያለበት ሰው ተረከዙ ከተሰነጠቀ ቤት ውስጥ አይሞክር፣ ጤና ጣቢያ ይሂድ። ቆዳ ያነጣል፣ ሸንተረር ያጠፋል የሚሉትን እኔ አልልም። ቆዳ ማንጣት አያስፈልገውም። መዳን ነው የሚያስፈልገው። ብልቃጡን ብርሃን የማያገኘው ቦታ አስቀምጡ። እኔ ከሦስት ወር በላይ አላቆይም።

በገና ዋዜማ አንድ የአገራችን ሰው ከመንዝ መጥቶ ደወለልኝ። "እናትሽ ዕቃ ልካለች" አለኝ። ወጥቼ ተቀበልኩት። በጨርቅ የተጠቀለለ ነው። ስፈታው የእኔው ብልቃጥ ነው። "ለእጅ፣ ማታ ማታ" የሚለው ጽሑፌ ክዳኑ ላይ አለ፤ ትንሽ ደብዝዟል። እናቴ የሰው ዕቃ ባዶውን አትመልስም።

ክዳኑን ከፈትኩት። ለጋ ቅቤ ነው፤ በጾሙ ወራት ካጠራቀመችው። እስከ አፉ ሞልታ ላዩን በአውራ ጣቷ አለሳልሳዋለች። ወደ መስኮቱ ወስጄ በብርሃን አየሁት። ለስላሳ ነው። መሀሉ ላይ አንድ ቀጭን መስመር ብቻ አለ። ያቺኛዋ ገና አልገጠመችም።